አሥራ ሦስተኛው መርፌ



ንግግሬን በቀን ቆጠራ እጀምራለሁ።

አንዲት እናት የ10 ዓመት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። ልጅቷ የልብ ሕመምተኛ ናት። ነርሷ መርፌውን ወግታ «በየወሩ አምጪያት» ብላ ሸኘቻቸው። እናት ቀኑ እንዳይጠፋባት ከማርያም ጋር አያያዘችው፤ ወር በገባ በ21 ሥራዋን ጥላ፣ ልጇን አስከትላ ትመጣለች። ዝናብም ሆነ አጨዳ አላስቀራትም። ዓመቱ ሲዞር 12 መርፌ ተቆጠረ። እንዲህ ያለችውን እናት ማን ይወቅሳል? ሆኖም ልጅቷ በዚያ ዓመት መውሰድ የነበረባት 13 መርፌ ነበር።

አንዱ የት ገባ? የመርፌው ቀጠሮ አራት ሳምንት ነው፤ 28 ቀን ማለት ነው። የእኛ ወር ግን 30 ቀን አለው። በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ሾልኮ ይወጣል። ጳጉሜን ስትጨመር ደግሞ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 21 ድፍን 35 ቀን ይሆናል። የነሐሴው መርፌ 28 ቀኑን የሚጨርሰው መስከረም 14 ነው። ደመራ በሚለኮስበት ምሽት ልጅቷ ከእኩዮቿ ጋር ትጫወታለች፤ የመድኃኒቱ ቀን ግን አልፏል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስለጠፋው አንድ መርፌ ነው። በሽታው የሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አብረውት ይኖራሉ፤ በየዓመቱ 360,000 ያህሉ ይሞታሉ። በቀን ሲካፈል ወደ 1,000 ሰው ይጠጋል። የሚገርመው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ይህን በሽታ የሚያስቆመው መድኃኒት በእጃችን ከገባ ከ70 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ አለ፤ የጠፋው ቆጣሪው ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

ከጉሮሮ እስከ ልብ

በየሰፈሩ «ከቶንሲል የመጣ የልብ በሽታ» ሲባል የምትሰሙት ይኸው ነው፤ አባባሉም ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ሐኪሞች «ቡድን ኤ» የሚሉት ዘር ጉሮሮ ላይ ይሰፍራል። በትንፋሽ፣ በሳል፣ ተጠጋግቶ በመተኛት ይተላለፋል፤ የሚበዛውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ልጁን ያተኩሰዋል፤ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፤ ቶንሲሉ ያብጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ይሻለዋል፤ ቤተሰቡም ይረሳዋል።

የልጁ ሰውነት ግን አይረሳውም። የባክቴሪያው ሽፋን ላይ ያለ ፕሮቲን በልባችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላል። ሌባውን በለበሰው ጋቢ ለይቶ የያዘ ዘበኛ፣ ተመሳሳይ ጋቢ ደርቦ አምሽቶ የገባውን የቤቱን ልጅ በዱላ ሲመታ አስቡት። ሰውነት ባክቴሪያውን ሊወጋ ያሰለፈው ኃይል ዞሮ የገዛ ልቡን ይመታል። ይህ የሚሆነው በሁሉም ልጅ ላይ አይደለም። ካልታከሙ 100 ሕመምተኞች መካከል ሲበዛ ሦስት ያህሉ ላይ ነው። የትኞቹ ሦስት እንደሆኑ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ስሕተቱ ከጉሮሮው ሕመም ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሩማቲክ ትኩሳት ሆኖ ብቅ ይላል። ልጁ ዛሬ ጉልበቱን፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ የእጁን አንጓ ያመዋል። ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘላል። ቤተሰቡ «ብርድ ነው» ይላል፤ ወይም ወድቆ ይሆናል ብሎ ወጌሻ ቤት ይወስደዋል። አንዳንዷ ልጅ ደግሞ እጇ ያለ ፈቃዷ ይወራጫል፤ ብርጭቆ ከእጇ ያመልጣል፤ ጽሕፈቷ ይበላሻል። መምህሯ ስለ ጽሕፈቷ ይቆጣታል፤ ጎረቤት «ለክፏታል» ይላል። ጠበል የሚወስዳት ይውሰዳት፤ ከጠበሉ ሲመለስ ግን ጤና ጣቢያም ይድረስ። እጅን የሚያወራጨው ይህ ምልክት በሕክምና መጽሐፍ ስም ያለው፣ ከዚሁ ከጉሮሮ ሕመም የሚመጣ ነገር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ላሴግ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ይህ በሽታ መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ግን ይነክሳል ብሎ ነበር። የጉልበቱ እብጠት ምንም ጠባሳ ሳይተው ይጠፋል። ልብ ላይ ያረፈው ጥርስ ግን ምልክቱን ይተዋል።

ልብ አራት በሮች አሉት፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ደም ወደፊት ሲሄድ ይከፈታሉ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይህንኑ ሲያደርጉ ይውላሉ። ሐኪም በማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ የእነዚህ በሮች መዘጋት ነው። የሩማቲክ ትኩሳት አዘውትሮ የሚያጠቃው በግራ በኩል ያለውን፣ ሚትራል የሚባለውን በር ነው። በሩ መጀመሪያ በደንብ መዝጋት ያቅተውና ደም ያፈስሳል። ትኩሳቱ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው ይወፍራል፤ ጠርዝና ጠርዙ ይጣበቃል፤ ዓመታት ሲያልፉ መከፈትም ያቅተዋል። ደም ወደ ሳንባ ይከማቻል። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ያለከልካል፤ ቆይቶ ሜዳ ላይ፣ በመጨረሻም ትራስ ደራርቦ ካልሆነ ሌሊት መተኛት አይችልም። የልቡ ምት ከተዛባ ልቡ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተፈናቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ በስትሮክ ይመታል።

ከመጀመሪያው የጉሮሮ ሕመም እስከዚህ ድረስ አሥር፣ ሃያ ዓመት ሊሄድ ይችላል። ክፋቱም ዕድሉም ያለው በዚህ ርቀት ውስጥ ነው። ክፋቱ፣ በሽታው ድምፁን አጥፍቶ መሥራቱ ነው። ዕድሉ ደግሞ፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ የምናስቆምበት ቦታ ብዙ መሆኑ ነው።

የተጨናነቀ ቤት

የዛሬ መቶ ዓመት ይህ በሽታ የአፍሪካ ወይም የእስያ በሽታ ተብሎ አይታወቅም ነበር። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከ5 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚገድለው የሩማቲክ ትኩሳት ነበር። ለዚህ በሽታ ብቻ የተመደቡ ሆስፒታሎች ነበሩ፤ ልጆች አልጋ ላይ ወራት ይተኙባቸው ነበር።

ታዲያ ከዚያ ማን አወጣው? ብዙ ሰው ፔኒሲሊን ይላል፤ መልሱ ግን ግማሽ ነው። ዴንማርክ የሩማቲክ ትኩሳትን ከ1860ዎቹ ጀምራ መዝግባለች፤ መዝገቡ እንደሚያሳየው በሽታው መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ከመገኘቱ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነው። ቤቱ ሰፋ፤ አንድ አልጋ ላይ ሦስትና አራት ልጅ መተኛት ቀረ፤ ምግቡና ንጽሕናው ተሻሻለ። ባክቴሪያው ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ የሚሻገርበት ድልድይ በመጀመሪያ የፈረሰው በግንበኛ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ነው በሽታው ዛሬም በሀብታም አገር ውስጥ ያለን ድኻ ለይቶ የሚያውቀው። አውስትራሊያ ውስጥ ነባር ሕዝቦቿን፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ማኦሪዎችንና ከፓስፊክ ደሴቶች የመጡትን ያጠቃል፤ ከሌላው ዜጋ ላይ ግን ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ኒውዚላንድ ከ2011 ጀምሮ ባካሄደችው የመከላከል ዘመቻ ከጉሮሮ ምርመራው ጎን የተጨናነቁ ቤተሰቦችን መኖሪያ ወደ ማሻሻል የገባችው ይህን ተረድታ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በጅማና በኬፕ ታውን ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ተማሪዎች ልብ በአልትራሳውንድ መርምሮ ነበር። ኬፕ ታውን ከ1,000 ልጅ 20 ያህሉ፣ ጅማ ደግሞ 30 ያህሉ የበሽታው ምልክት ወይም ምልክት ሊሆን የሚችል ለውጥ ተገኘባቸው። 1,000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት አስቡ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ 30 ልጅ የተነከሰ ልብ ይዞ ቆሟል፤ ራሱም አያውቅም፣ መምህሩም አያውቅም።

የመጀመሪያው ዕድል

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጦር በጉሮሮ ሕመም ተቸግሮ ነበር። ዋዮሚንግ ውስጥ ያለው የዋረን ጦር ሰፈር ለዚህ ስም ያወጣ ነው። ቻርልስ ራመልካምፕ የሚመራው የሐኪሞች ቡድን እዚያ ገብቶ ወታደሮቹን መከታተል ያዘ። አልጋዎቻቸው በተቀራረቡ ቁጥር ባክቴሪያው ይበልጥ እንደሚተላለፍም ተመለከተ። ከሁሉ የበለጠው ግኝት ግን በ1950 ታተመ፦ ባክቴሪያ ያመጣውን የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ማከም የሩማቲክ ትኩሳትን አስቀድሞ ያስቀራል። ቤተ ሙከራቸው በ1954 ታዋቂውን የላስከር ሽልማት አገኘ።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንን ነው። ቅጠሉ ግን ለየትኛው ጉሮሮ እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ፔኒሲሊን አይሠራበትም። ልጁ ንፍጥና ሳል ካለው ጉንፋን የመሆኑ ዕድል ይሰፋል። ድንገት ካተኮሰው፣ ሳል ከሌለው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየና አንገቱ ሥር ያሉ ዕጢዎች አብጠው ሲነኩ ካመሙት ግን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕክምናው አንድ መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ስለተሻለው ብቻ መድኃኒቱን ለታናሽ ወንድሙ ማስቀመጥ የለባችሁም። ሌላም የምሥራች አለ፦ ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሕክምናው ከተጀመረ አሁንም ልብን ይታደጋል። ስለዚህ «ረፍዷል» ብላችሁ አትቅሩ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዳችን በግልጽ መናገር አለብኝ። እንጥል ማስቆረጥና ያበጠ ቶንሲልን በጣት ማስፈረጥ ባክቴሪያውን አይገድልም። እንጥሉ ሄዶም ባክቴሪያው እዚያው ይቀራል። በአንድ ምላጭ ብዙ ልጅ ከተቆረጠማ ደም መፍሰስና ሌላ በሽታ ይጨመራል። አያቶቻችን ጉሮሮ ክፉ ነገር እንደሚያመጣ መጠርጠራቸው ትክክል ነበር። ጥርጣሬያቸውን እንውረስ፤ ምላጩን እንተው።

የመጀመሪያው ዕድል ብቻውን እንደማይበቃም ላሳውቃችሁ። የሩማቲክ ትኩሳት ከያዛቸው ልጆች ብዙዎቹ ጉሮሯቸውን አሟቸው እንደነበር አያስታውሱም፤ ሕመሙ ቀላል ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ስለዚህ ሁለተኛ ዕድል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዕድል

የሩማቲክ ትኩሳት አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ባክቴሪያው ሲመለስበት ትኩሳቱም ይመለስበታል። ልብን የሚያበላሸው ይህ መመላለስ ነው። ሰውነቱ ውስጥ ያለማቋረጥ ጥቂት ፔኒሲሊን ካለ ግን ባክቴሪያው ጉሮሮው ላይ መስፈር አይችልም። ለዚህ የሚያገለግለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ጡንቻ ውስጥ ይቀመጥና ለሳምንታት ቀስ እያለ ይሟሟል። አሜሪካዊው ሐኪም ጂን ስቶለርማን ለዚህ አገልግሎት መዋሉን ለዓለም ያስታወቀው በ1952 ነው። ደስ የሚለው፣ ብዙ ተሕዋስያን መድኃኒት በለመዱበት በዚህ ዘመን ይህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን አልለመደም። ያን ጊዜ የገደለው መድኃኒት ዛሬም ይገድለዋል።

መርፌው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወሰዳል። ልቧ የተጎዳ ልጅ ቢያንስ 10 ዓመት፣ ብዙ ጊዜም 40 ዓመት እስኪሞላት ልትወስደው ትችላለች። ከ10 እስከ 40 ዓመት፣ በዓመት 13፦ 390 መርፌ። ይህን ቁጥር ሰምቶ የማይደነግጥ ልጅ የለም። መርፌው ደግሞ ያማል፤ ፈሳሹ ወፍራም ነው፣ ቂጥ ላይ ለቀናት ይሰማል።

ፍርሃቱ ከልጁ ብቻ አይመጣም። «ፔኒሲሊን ሰው ይገድላል» የሚለው ወሬ ባለሙያውንም ይይዘዋል። መርፌ ከመውጋት ይልቅ ወደ ሌላ ጤና ተቋም መላክ ይቀልለዋል። እውነቱ ይህ ነው፦ ለሞት የሚያደርስ የፔኒሲሊን አለርጂ አለ፤ እጅግ ጥቂት ነው፤ ድንገት ቢደርስ የሚያድነው አድሬናሊን ከጎን ይቀመጣል። በሌላ በኩል ልባቸው ክፉኛ የደከመ ሕመምተኞች በመርፌው ሥቃይና ድንጋጤ ሊወድቁ እንደሚችሉ ታውቆ፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ለእነዚህ ሰዎች በአፍ የሚወሰደው ፔኒሲሊን እንዲታሰብላቸው መክሯል። ያን የሚወስነው ሐኪማቸው ነው። ለሌላው ሁሉ፣ መርፌው ከሚያስፈራው ይልቅ የመርፌው መቅረት ያስፈራል።

ሌላው እንቅፋት መድኃኒቱ ራሱ ከመደርደሪያ መጥፋቱ ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አሮጌና ርካሽ ስለሆነ ትርፍ የለውም፤ የሚያመርቱት ጥቂቶች ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2016 ስለ መድኃኒት እጥረት ባሳለፈው ውሳኔ ይህን መርፌ ለዓመታት እጥረት እንዳጋጠመው ምሳሌ አድርጎ ጠቅሶታል። እናት አራት ሳምንቷን ቆጥራ፣ ከገጠር ተነሥታ፣ ደርሳ «መድኃኒቱ አልቋል» ስትባል ያቺ ቀን ለእሷ ትምህርት ትሆናለች፤ በሚቀጥለው ላለመምጣት።

በስተመጨረሻ የሚከፈተው በር

እነዚህ ሁለት ዕድሎች ሲያመልጡ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። የተጣበቀውን በር በፊኛ መክፈት፣ መጠገን፣ ወይም በሰው ሠራሽ መቀየር ይቻላል። በፊኛ የሚከፈትበትን ዘዴ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በ1980ዎቹ አበርክቷል፤ ደረት ሳይከፈት በእግር የደም ሥር ገብቶ ይሠራል።

በአገራችን ይህን መንገድ የከፈቱት ሰዎች ታሪክ የሚያኮራ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በ1989 ሲጀመር ልጆቹ ወደ ውጭ አገር ከመላክ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። በ2009 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ያኔ ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቷል፤ ዛሬም ያዋጣል። ሆኖም ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። በዚህ በር ብቻ በሽታውን ልናልፈው አንችልም፤ አንድ ልጅ ሲወጣ ከታች ብዙ ይገባል።

ሰው ሠራሽ የብረት በር የገባለት ሰውም አልጨረሰም። ብረት ላይ ደም እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን ደም ማቅጠኛ ይወስዳል፤ ደሙም በየጊዜው ይለካል። መጠኑ ሲያንስ ይረጋል፣ ሲበዛ ይደማል። የልብ ምታቸው ለተዛባ ሕመምተኞች ከአዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች አንዱ ይሻል ይሆን ተብሎ በብዙ አገሮች የተደረገው ጥናት በ2022 ሲወጣ አሮጌው ዋርፋሪን በልጦ ተገኘ። ስለዚህ እዚህም ላይ የደም ምርመራውን ቀጠሮ መቁጠር የግድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሸክሙ የከበዳቸው ወጣት ሴቶች ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 ሕመምተኞችን የመዘገበ ትልቅ ጥናት ሦስት እጅ ቢባል ሁለቱ እጅ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ግማሹ ሕመምተኛ ዕድሜው ከ28 ዓመት አይበልጥም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ100ው 17 ያህሉ ሞቱ። እርግዝና የሴትን ደም በግማሽ ገደማ ይጨምራል። የጠበበ በር ያላት ሴት ያን ሁሉ ደም ማሳለፍ አትችልም። በአምስተኛና በስድስተኛ ወሯ ማለክለክ ስትጀምር «እርጉዝ ናት፣ ይደክማታል» ትባላለች። እርግዝና ሳይመጣ ልብን ማስመርመር፣ መቼ እንደምትወልድ ከሐኪም ጋር መምከር ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ከሠርግ ዝግጅት መቅደም አለበት። ዋርፋሪን ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል በሩ የተቀየረላት ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባት።

መዝገብ የያዘ ሰው

አሁን ወደ ቆጠራችን እንመለስ። ይህን በሽታ ከድኽነት ሳይወጡ የታገሉት አገሮች ምን አደረጉ?

የኩባን የፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ ሀገር እንመልከት። ከ1986 እስከ 1996 በቆየው ፕሮግራም ሐኪሞችን፣ መምህራንንና ወላጆችን አስተማሩ፤ የጉሮሮ ሕመም በየሰፈሩ ታከመ፤ ከሁሉም በላይ ሕመምተኛው ሁሉ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፈረ። በዐሥር ዓመት ውስጥ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የሚገኘው የሩማቲክ የልብ በሽታ ከ1,000 ልጅ ከ2 በላይ ከነበረበት ከሩብ በታች ወረደ። የረቀቀ መሣሪያ ሳይሆን ስም ዝርዝርና መርፌ ነበራቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን አካባቢ፣ ከኡጋንዳ ነው። ቀድሞ በማዳመጫ ብቻ ሲመረመር ብዙ ልጅ ያመልጥ ነበር። በ2007 ከካምቦዲያና ከሞዛምቢክ የወጣ ጥናት በማዳመጫ ከ1,000 ልጅ ሁለት ያህሉ ሲገኙ፣ ኤኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ 20 እና 30 መገኘታቸውን አሳየ። «ገና ሕመም ያልተሰማውን ልጅ መርፌ መጀመር ይጠቅመዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ክፍት ነበር። መልሱ የመጣው ከሰሜን ኡጋንዳ ነው፤ በ2021 ታተመ። ከ100,000 በላይ ልጆች ተመርምረው ገና የተደበቀ በሽታ የተገኘባቸው ለሁለት ተከፈሉ። መርፌውን በየአራት ሳምንቱ ካገኙት 399 ልጆች በሁለት ዓመት በሽታው የባሰባቸው 3 ብቻ ነበሩ፤ ካላገኙት 400 ደግሞ 33።

በዚህ ጥናት ውስጥ እኔን የሳበኝ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ነው። ልጆቹ መርፌ ያልቀረባቸው ለብቻቸው ስላልተተዉ ነው። እኩዮቻቸው ያሉበት ማኅበር ነበራቸው፤ ክትትሉን የያዘ ሰው ተመድቦላቸው ነበር። ባይመጡ የሚጠይቃቸው ነበር ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? ዕቁብ የሚጥል ሰው ቀኑን ይረሳል? ዕድር ውስጥ ለቀብር ያልተገኘ ሰው ስሙ አይነሣም? እኛ የመቁጠር ችግር ያለብን ሕዝብ አይደለንም። ለገንዘብና ለሞት እንቆጥራለን፤ ለልጅ ልብ መቁጠር ነው የቀረን።

መንግሥታትም ቃል ገብተዋል፤ ቃሉ የተገባው በከተማችን ነው። በ2015 የአፍሪካ ኅብረት የጠራቸው ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የሩማቲክ የልብ በሽታን ከአፍሪካ ለማጥፋት የሚያስፈልጉ ሰባት እርምጃዎችን አወጡ፤ በዚያው ዓመት የአገር መሪዎች ተቀበሉት። ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲ ከጀርባው ከደከሙት ግንባር ቀደሙ ነበር። ሕመምተኛው ይመዝገብ፣ መርፌው አይቋረጥ፣ እርጉዝ ሴቶች አገልግሎት ያግኙ፣ ምርመራው ወደ ወረዳ ይውረድ፣ ቀዶ ሕክምናው በአፍሪካ ይሠራ ይላል። በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ፤ ማዮሲ በዚያው ዓመት አረፈ። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት የመከላከያና የምርመራ መመሪያ አወጣ። ወረቀቱ ሞልቷል። ወረቀት ላይ ያለውን ወደ ወረዳው የመርፌ መዝገብ ማውረድ ነው የቀረው።

አራተኛው ገበያ

ለመደምደም ወደዚያች እናት ልመለስ። ለእሷ የሚያስፈልጋት ወቀሳ ሳይሆን የተሻለ መቁጠሪያ ነው። 28 ቀን ከማርያም ጋር አይገጥምም፣ ከገብርኤልም ጋር አይገጥምም። ከገበያ ቀን ጋር ግን ይገጥማል። የገበያ ቀኗ ቅዳሜ ከሆነ፣ መርፌው በየአራተኛው ቅዳሜ ዋዜማ ወይም ማግሥት ነው። ጳጉሜንም ቢመጣ፣ ዓመቱም ቢለወጥ ሳምንት ሳምንት ነው፤ አይዛነፍም። እስላሙም ክርስቲያኑም የሚጋራው መቁጠሪያ ነው። ነርሷም «በየወሩ» ከምትላት «በየአራተኛው ገበያ» ብትላት ያ አንድ መርፌ አይጠፋም ነበር።

እንግዳ ሲመጣ አገራችንን የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ያላት እያልን እናስተዋውቃለን። አሥራ ሦስት መርፌ ለዚህች አገር የሚከብድ ቁጥር መሆን አልነበረበትም።

ከዚህ ስትወጡ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሰፈራችሁ፣ በዘመድ ቤት፣ በምታስተምሩበት ክፍል ይህን መርፌ የሚወስድ ልጅ ይኖራል። ደብተሩን ተውለትና የመርፌ ቀጠሮ ካርዱን እዩለት። እናቱንም ስታገኟት ከሰላምታው ቀጥላችሁ ጠይቋት፦

«አራተኛው ገበያ ደረሰ ወይ?»